የአርብ ስድስት ተኩል ተይዟል

መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ዕለት ቡና ነጋዴው ሐጂ ነስሩ ወደ ግቢያቸው ጀርባ ይዘውኝ ሄዱና በመስታወት የታጠረ፣ አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ሣር የተነጠፈበት ቤት መሳይ ነገር አሳዩኝ። ጣሪያ የለውም።

"ይኸውልሽ፣ ያ ኢንተላ" አሉኝ። አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው፤ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የሚሻገሩት ሳይታወቃቸው ነው። "ፓድል ይባላል። አዲስ አበባ ሰው ተሻምቶ ሲጫወተው አይቼ ነው ያሠራሁት። እኔ አልችለውም። አንቺ ተጫዋች ፈልጊልኝ፣ ተራ አስይዢልኝ።"

"እኔስ የት አውቄው ሐጂ?"

"መናኸሪያ ትኬት ስትቆርጪ አልነበር? ይኼም ያው ወንበር ነው።"

ልክ ነበሩ። የሰኮሩ ልጅ ነኝ፤ አውቶቡስ ሲቆምና ሲነሳ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጅማ መናኸሪያ ትኬት ስቆርጥ የተማርኩት አንድ ሕግ ነው፦ አንድ ወንበር ለሁለት ሰው አይሸጥም። ሸጦ የተገኘ ባልደረባዬን ተሳፋሪ ነው የቀጣው፤ አለቃ እስኪደርስ አልጠበቀም። ያንን ሕግ ይዤ ሜዳ ገባሁ። መደቤ "ተራ አስያዥ" ተባለ። ከበላዬ ሐጂ፣ ከበታቼ ማንም የለም። ጥበቃው እንኳ የቡናው መጋዘን እንጂ የሜዳው አልነበረም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈሩ ሁሉ በአጥር ቀዳዳ ሊያይ መጣ። አንዱ "ሐጂ ዓሣ ሊያረቡ ነው" አለ፣ ሌላው "መኪና ሊሸጡ ነው" አለ። የሐጂ ባለቤት ደግሞ በግልጽ ተቆጥተው ነበር። ቦታው ለዘመናት ቡና ሲሰጣበት የኖረ የሲሚንቶ ማስጫ ነበር፤ ግማሹን ነው ለሜዳ የሰጡት። "ቡና የሚደርቅበትን ለኳስ!" እያሉ ወይዘሮዋ ለጎረቤት ሁሉ ይናገሩ ነበር።

ጨዋታውን ከስልክ ቪዲዮ ነው የተማርኩት። አራት ሰው ነው፣ ሁለት ለሁለት፣ መሀል ላይ መረብ። ራኬቱ ጅማት የለውም፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ነው። ኳሷ መሬት ነጥራ መስታወቱን ብትመታም ጨዋታው አይቆምም፤ ከግድግዳው ስትመለስ ትመታታለህ። ጠዋት ጠዋት ሣሩ መሀል ያለውን አሸዋ በብሩሽ አዳርሳለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ መረቡን አጠብቃለሁ፣ ኳሶቹን አንድ በአንድ አነጥራለሁ። የሞተች ኳስ አላወጣም።

ተራ የማስይዘው በጥቁር ሰሌዳ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ቴሌግራም ይጻፋል፣ ግን ሰሌዳው ላይ ካልሰፈረ ተያዘ አልልም። ሰሌዳው በር ላይ ስለተሰቀለ ሁሉም ያየዋል፤ ማንም ማንን አያማም። ነጭ ጠመኔ ለዕለት ተራ፣ ቀይ ጠመኔ ለቋሚ ተራ። ነጩ በየቀኑ ይጠፋል። ቀዩ አይነካም።

ለሰው የሚመስለው የዚህ ሥራ ድካም ሜዳ ማግኘቱ ነው። አይደለም። ድካሙ አራተኛ ሰው ማግኘቱ ነው። ከአጋሮ ይደወላል።

"ሙኒራ፣ አሥር ሰዓት ሜዳ አለ?"

"አለ። ስንት ናችሁ?"

"ሦስት።"

"አራተኛውስ?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።"

አውቃለሁ እንዴ! ማን መቼ ከሥራ እንደሚወጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ሲሸነፍ ራኬት እንደሚወረውር በቃሌ ነው። የባንክ ሥራ አስኪያጅና የጊንጆ ሰፈር ፀጉር አስተካካይ በአንድ ወገን አሰልፌ አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ፊቱን አኮማተረ። ሲያሸንፉ ግን ላብ በላብ ሆኖ አቅፎ ሳመው፣ ፀጉሩንም እዚያው እሱ ዘንድ መቆረጥ ጀመረ።

"ኢንሻአላህ" የሚለውን መለየትም ሙያ ነው። "ኢንሻአላህ አሥር ሰዓት" ያለ ሰው ይመጣል። "ኢንሻአላህ፣ እስኪ እናያለን" ያለ ሰው አይመጣም፤ በሱ ቦታ ሌላ እፈልጋለሁ። "ወላሂ እመጣለሁ" ያለውን ደግሞ ሁለቴ እደውልለታለሁ። ሙስሊም ስለሆንኩ ነው በድፍረት የምናገረው።

ዝናቡ ሌላው አለቃዬ ነበር። መስታወቱ ከረጠበ ኳስ ይንሸራተታል፣ ጨዋታ የለም። ዝናብ ያቋረጠው ሰዓት ግን አይቃጠልም፣ ወደ ሌላ ቀን ይሻገራል። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን በትልቅ መኪና የመጣ ሰው በር ላይ ጥሩንባውን ነፋና የገቡትን አስወጥቼ እንዳስገባው ጠየቀኝ።

"እኔን አታውቂኝም?" አለኝ።

"አውቅዎታለሁ። ሰሌዳው ግን አያውቅዎትም" አልኩት።

ሄዶ ለሐጂ ከሰሰኝ። ሐጂ ነስሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ልክ ብላለች፤ ቃል ቃል ነው" አሉት። ያን ዕለት ሐጂን ወደድኳቸው። ለዚህም ነው በኋላ የሆነው ነገር እንደዚያ ያቃጠለኝ።

አርብ አርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሜዳው ጭር ይላል። ሙስሊሙ ጁምዓ ይሄዳል፣ ክርስቲያኑም አራተኛ ስለማያገኝ ይቀራል። አንድ አርብ ሲስተር ትዕግሥት የምትባል የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ በምሳ ሰዓቷ መጥታ መስታወቱን በእጇ ዳበሰችው።

"ሴት ይጫወትበታል?" አለችኝ።

"የከለከለ የለም።"

"የሚያየን ሰውስ?"

"አሁን? ወንዱ ሁሉ መስጊድ ነው።"

በሚቀጥለው አርብ ሁለት ሴቶች ይዛ መጣች። አንዷ ፈቲያ ናት፣ ልብስ ሰፊ። ሁለተኛዋ ጫልቱ፣ እዚያው ሐጂ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ። አራተኛ ጠፋ። ለከተማው ሁሉ አራተኛ የምፈልገው ሰው ለነሱ ላጣ ነው? ሰሌዳውን ትቼ ራኬት አነሳሁ። አራተኛዋ እኔ ሆንኩ። የቀትር ሰላቴን፣ ዙሁርን፣ ከጨዋታ በኋላ ትንሿ ክፍሌ ውስጥ እሰግዳለሁ።

ለመንገድ በሚታየው በኩል የቡና ሸራ ሰቀልንና ተከለልን። ፈቲያ የመጀመሪያ ኳሷን ከመስታወቱ አሳልፋ የቡናው ማስጫ አልጋ ላይ አሳረፈቻት። ጫልቱ ግን፣ ቡና በሰፌድ ሲያበጥር የኖረ ክንድ ነው፣ የመታችውን ማን ይመልሰዋል! ያን ቀን እንደሳቅን ከልጅነቴ ወዲህ ስቄ አላውቅም።

ሳልደብቅ ሄጄ ለሐጂ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ባዶ ከሚውል ይጫወቱበት" አሉ። "በግማሽ ዋጋ አድርጊላቸው። የአርቡ ስድስት ተኩል የነሱ ነው። ቃሌ ነው።" በቀይ ጠመኔ ጻፍኩት።

ባሎቻቸው አጉረመረሙ። የሲስተር ባል ክርስቲያን ነው፣ የፈቲያ ባል ሙስሊም፣ ማጉረምረሙ ላይ ግን አንድ ሃይማኖት ነበራቸው። የፈቲያ ነገር ከሁሉም የከፋ ነው። የምትሰፋው በባሏ ወንድም ሱቅ ነው። ሱቁ ከሳምንት እስከ ሳምንት የሚዘጋው ለጁምዓ ብቻ ነው። የራሷ የምትለው ሰዓት ያ ብቻ ነበር።

"አንዴ ከተቋረጠ አለቀልኝ ሙኒራ" ትለኝ ነበር። "በረደላት፣ ተወችው ይሉና ለቀጣዩ አርብ ሥራ ይጭኑብኛል። ሁለተኛ አያስወጡኝም።"

እንዲህ እያልን ዝናቡን አሳለፍን። ከዚያ ኅዳር መጣ።

ኅዳር ጅማ ላይ የፀሐይ ወር ነው። ያን ዓመት ግን ሰማዩ አበደ። እሸት ቡናው ተለቅሞ ከአጋሮ በጭነት በጭነት ይመጣል፣ ዝናቡ ደግሞ ያልታሰበ ጊዜ ይወርዳል። ማስጫ አልጋዎቹ ሞሉ። የቀረው ሲሚንቶም ሞላ። ቡና ደግሞ በጆንያ ታፍኖ ካደረ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ያንን የቡና አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐጂ እንቅልፍ አጡ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሜዳው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ወደ ሣሩ ሳይሆን ወደ መስታወቱ ያያሉ።

"ሸራ ከሥሩ አንጥፈን ቡናውን እዚህ እናሰጣዋለን" አሉኝ። "ፍየል አይገባበት፣ ዶሮ አይጭረው። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሜዳው ዝግ ነው በይ።"

ለነጭ ጠመኔዎቹ ሁሉ ደወልኩ። ቅሬታ አልሰማሁም ማለት ይቻላል፤ ግማሾቹ ራሳቸው ቡና ነጋዴ ናቸው፣ በዚህ ወር ኳስ ትዝ አይላቸውም። ቀዩ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት።

አርብ ጠዋት ጆንያው በጋሪ መጥቶ ሜዳው በር ላይ ተቆለለ። ሐጂ ለጁምዓ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። ሰሌዳውን አዩት።

"ይኼ ለምን አልጠፋም?"

"የሴቶቹ ነው። ሲጫወቱ ይቆዩና ከሰባት ተኩል በኋላ ያስጡት፣ ሐጂ። እኔም አግዛለሁ። በሚመጣው አርብም ለአንዲት ሰዓት እንሰበስበዋለን።"

"ማሎ፣ እባክሽ! ቡና እየሰበሰብኩ እያሰጣሁ ልኖር ነው? አሁን ነው የሚሰጣው። ደውለሽ ንገሪያቸው።"

"አልደውልም።"

እንዲህ ያልኩት በቀስታ ነው። ባለ ጋሪዎቹ ጆንያ ማውረድ አቆሙ።

"የማን ሜዳ ነው?" አሉኝ።

"የእርስዎ። ሰዓቱ ግን የነሱ ነው። እርስዎ ነዎት የሰጧቸው፣ ቃሌ ነው ብለው። ከወሰዱትም እርስዎ ይደውሉላቸው። ስልካቸው ይኸው።"

ስልኩን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። እኔም አልበቃኝም።

"ሐጂ፣ በቃል የገዙትን ቡና ዋጋ ሲጨምር ለሌላ የሸጠብዎትን ሰው እስከ ዛሬ ስሙን ሳያነሱ ውለው ያውቃሉ?"

እውነቴን ነው፤ ያንን ሰውዬ ለእንግዳ ሁሉ ያሙታል። ሲያልፍ ሰላም አይሉትም። በቡና ንግድ ውል የሚጻፈው ዘግይቶ ነው፣ በፊት የነበረውም ያለውም ቃል ነው፣ ቃሉን ያጠፈ ነጋዴ በአጋሮም በጅማም ቡና የሚሰጠው የለም።

ፊታቸው ተለወጠ። ሰሌዳው ዘንድ ሄደው ቀዩን ጽሑፍ በጀለቢያቸው እጅጌ ጠረጉት። እጃቸውን ዘረጉ። የሜዳውን ቁልፍ ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ከተው ወደ መስጊድ ሄዱ፣ ቀዩ ጠመኔ ነጩ እጅጌ ላይ እንደታተመ። ጆንያውም በሩ ላይ እንደተቆለለ ቀረ፤ በንዴታቸው ማሰጣቱንም ረስተውታል።

ሴቶቹ መጡ። ፈቲያ ሰሌዳውን አየች፣ የተቆለፈውን በር አየች፣ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

"በቃ፣ አለቀ" አለች።

"ምኑ ነው ያለቀው?" አለች ሲስተር። "ሰዓቱ የኛ ነው። ሜዳ ነው ያጣነው።"

ግቢው ውስጥ ቡና ያልተሰጣበት ስንዝር የለም። የቀረው መንገዱ ነው። በመንገዱ ወገን ያለው የሐጂ መጋዘን ግድግዳ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ኳስ ይመልሳል።

"እዚያ?" አለች ፈቲያ። "ያለ ሸራ?"

ጫልቱ ራኬቷን ይዛ ወጣች። መጋዘኑ የራሷ አለቃ መጋዘን ነው፣ እንጀራዋ ነው፣ ቀድማ የወጣችው ግን እሷ ናት። ተከተልናት።

መስጊዱ እዚያው ጥግ ላይ ነው። ሰው እየሰገደ ቆርቆሮ አይደበደብም፤ ይህን ማንም ለማንም መንገር አላስፈለገም። ክርስቲያኗ ሲስተርም ሳትቀር ኳሷን በመዳፏ ይዛ ጸጥ ብላ ቆመች። ራኬታችንን ይዘን ሰላቱ እስኪያልቅ ጠበቅን። ስለዚህ የመጀመሪያው ኳስ የተመታው ወንዱ ሁሉ ከመስጊድ ሲወጣ ነው።

ጫልቱ መታች። ቆርቆሮው ጓ! አለ። እኔ መለስኩ፣ ሲስተር መለሰች። ኮብልስቶን ላይ ኳስ ቀጥ ብላ አትነጥርም፣ አንዴ ወደ ቦይ፣ አንዴ ወደ ባጃጅ ትሄዳለች። ነጭ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ሞላና ቆመ። የሚስቅም ነበር፣ "ሱብሃነላህ!" የሚልም። ባጃጆች ተደረደሩ። ወትሮ እንደዚያ ዓይን ሲበዛብኝ እሸማቀቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ፈጽሞ አላፈርኩም። ተናድጄ ነበር። ከሰው መካከል የፈቲያ ባል ወንድም፣ ባለ ሱቁ፣ ብቅ አለ።

"ፈቲያ! ስፌቱስ?"

ኳሷ ወደሷ እየመጣች ነበር። ፈቲያ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ኳሷን መታቻት። በሕይወቷ እንደዚያ መትታ አታውቅም።

"ሰባት ተኩል እደርሳለሁ!" አለችው።

ሰው ሳቀ። እሱም ምን ይበል፣ ገና ሱቁን አልከፈተም።

ያኔ ሐጂ ነስሩ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። እጅጌያቸው ላይ ቀዩ ጠመኔ አለ። መስጊድ ውስጥ "ሐጂ፣ ደም ነው እንዴ?" ብለው የጠየቋቸው እንደነበሩ ኋላ ሰምቻለሁ።

"ጫልቱ፣ አንቺም?" አሉ።

"ኤዬ፣ ሐጂ" አለች፣ አዎ ማለቷ ነው። ዓይኗን አልሰበረችም።

አጠገባቸው የቆመ አንድ ነጋዴ "ሐጂ፣ ሠራተኞችዎ መንገድ ዘጉብን እኮ" አላቸው።

ሐጂ እጅጌያቸውን አዩ። ያቺን አፍታ አልረሳትም፤ በሷ ውስጥ የኔ ሥራ፣ የጫልቱ ሥራና የፈቲያ አርብ ነበሩ።

"ሠራተኞቼ አይደሉም" አሉ መጨረሻ ላይ። "በዚህ ሰዓት ደንበኞቼ ናቸው።"

ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለእኔ ሳይሆን ለፈቲያ ሰጧት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ቁጣቸው አልበረደም፣ ድምፃቸው ሻካራ ነበር።

"አጥሩ ላይ የሰቀላችሁትን ሸራ አውርጂና አምጪልኝ። ማንጠፊያ አንሶኛል።"

አወረድኩት። ባለ ጋሪዎቹ ጆንያውንም ሸራውንም ጭነው ወደ መኖሪያ ቤታቸው ሄዱ። ሸራው እንግዳ መቀበያ ሳሎናቸው ውስጥ ተነጠፈ፣ ቡናውም መስኮቱ ተከፍቶ ሶፋው መካከል ተሰጣ። ባለቤታቸው ያን ጊዜ ለኳስ ሜዳው የተናገሩት ለሳሎኑ ከተናገሩት ጋር ሲተያይ ምርቃት ነው። ቡናው ሙሉ በሙሉ ዳነ አልልም፤ ከፊሉ ሻገተ። ሐጂም ለረጅም ጊዜ ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። አልከፋኝም። ልክ እንደሠራሁ አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቁታል። ዛሬ እንግዳ ሲመጣባቸው "ሙኒራ፣ ሜዳ አለ?" ብለው እንደማንም ሰው ይደውላሉ።

ያን አርብ መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ በአጥሩ በኩል እያየን ተጫወትን። ሸራውን ሁለተኛ አልሰቀልነውም። የሚያይ ይይ።

አሁን አጋሮም ሜዳ ተከፍቷል፤ አዳዲሶቹን ተራ አስያዦች የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ሁሉም መልሼ የጻፍኩትን የአርቡን ቀይ ጽሑፍ ያዩና ለምን እንደማይነካ ይጠይቁኛል። የምመልስላቸው አጭር ነው። ሜዳው የባለቤቱ ነው፣ ሰሌዳው የተራ አስያዡ ነው፣ የተያዘ ሰዓት ግን የያዘው ሰው ነው።